የጋሽ አዘዘ ሰማያዊ ጨው

ካኪው ከማቅለሚያው ቡራቡሬ ሆኖ ወጣ። አንዱ ክንድ ቀለሙን እስኪጠግብ ጠጥቷል፤ ቀጣዩ ክንድ ጭራሽ አልቀመሰውም። ሠራተኞቹ ምናልባት የመብራቱ ጉዳይ ይሆናል ብለው ጨርቁን ለሁለት ለሁለት ይዘው ደጅ አወጡትና ዘረጉት። የነሐሴ ደመና ጣናን ከነዳርቻው ሸፍኖት ስለነበር ደጁም ቢሆን ብዙ ብርሃን አልነበረውም፤ ግን ለማየት ይበቃ ነበር። አንዷ «ጅብ ይመስላል» አለች። ማንም አልሳቀም። ጨርቁ መስከረም ሁለት ቀን፣ በአሥረኛው የአብዮት በዓል፣ ሰልፈኛው የሚለብሰው ነበር፤ በአሥረኛው የአብዮት በዓል ጅብ መስሎ መሰለፍ ደግሞ የሚያስቅ ነገር አይደለም።

የባሕር ዳሩ የጮቄ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የላቦራቶሪ ኃላፊ የሺአረግ ተጠርታ መጣች። ነጣ ያለውን ቦታ በጥፍሯ ፋቀችው፤ ጥፍሯ ላይ ነጭ ዱቄት ቀረ። «ሙቁ አልወረደም» አለች።

ይህን ለመረዳት ኬሚስት መሆን አያስፈልግም። ክር ወደ ሽመና ማሽን ከመግባቱ በፊት እንዳይበጠስ ከስታርች የተሠራ ቀጭን ሙቅ ይጠጣል፤ የሰፈር ሸማኔም ድሩን እንዲሁ ያጠጣዋል። ጨርቁ ከተሸመነ በኋላ ግን ያ ሙቅ መውረድ አለበት፣ አለዚያ ቀለም አይገባውም። የሚያወርደው ከባሕር ማዶ በበርሜል የሚመጣ ቡናማ ፈሳሽ ነው። መጽሐፍ ኢንዛይም ይለዋል፤ በፋብሪካው ከዳይሬክተሩ እስከ ጥበቃው ድረስ «እርሾው» ነው የሚባለው። እርሾው ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ከጨርቁ ጋር ይቆያል፣ ስታርቹን እየቆራረጠ ወደ ስኳርነት ይለውጠዋል፣ ከዚያ ውሃው ጠርጎ ይወስደዋል። ጠላ የጠመቀች ሴት ሁሉ ብቅሏ ይህንኑ ሥራ ሲሠራላት ኖሯል፤ ስሙን ጠይቃው አታውቅም እንጂ።

አሁን እርሾው ሥራውን አልሠራም። ለምን እንዳልሠራ ማወቅ የየሺአረግ ድርሻ ነበር፤ ጓድ አስናቀም ይህንኑ ሊነግራት ወዲያው መጣ። አስናቀ የፓርቲ አደራጅ ኮሚሽኑ የፋብሪካው ተጠሪ ነው። ከናዝሬት የመጣ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ክፉ የማይባል ሰው ነበር፤ ነገር ግን የበላይ አካል መልስ ሲጠይቀው መልስ ይዞ ካልተገኘ መልሱ እሱ ራሱ እንደሚሆን ያውቃል። ይህን ማወቅ ሰውን ያፋጥናል።

«ማነው ያበላሸው?» አላት፣ ወንበር ሳይስብ።

«ምን እንዳበላሸው ገና አላወቅሁም።»

«ምን አላልኩም፣ ጓድ የሺአረግ። ማን ነው ያልኩት። በበዓሉ ዋዜማ፣ የበዓሉ ጨርቅ፣ ሆን ተብሎ ካልሆነ እንዴት ይበላሻል? ይኼ አሻጥር ነው።»

ቃሉ ይኸው ወጣ። አምና ከፈተሉ ክፍል አንድ ሠራተኛ ማሽን ውስጥ ብሎን ጥሎ ተገኘ ተብሎ በዚህ ቃል ተወስዷል። ብሎኑ ላልቶ ይሁን ተጥሎ ማንም አልለየውም፤ ሚስቱ ግን እስከ ዛሬ በሹም አቦ በኩል ወደ እስር ቤት ስንቅ ይዛ ስታልፍ ሠራተኛው ሁሉ ያያታል፣ አንገቱንም ይደፋል።

የሺአረግ በሩን ዘግታ ሥራዋን ጀመረች። ሙከራው ቀላል ነው። ስታርች ላይ አዮዲን ጠብ ሲደረግ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ እርሾው ስታርቹን ከበላው ሰማያዊው ይጠፋል። ከመጋዘን ንጹሕ ስታርች አስመጥታ ከበርሜሉ እርሾ ጨመረችበት። ወንበር ስባ ሳትቀመጥ ሰማያዊው ጠፋ። እንግዲያው እርሾው ደኅና ነው። ቀጥላ ከድሩ ቆርጣ ያመጣችውን ክር በውሃ ዘፈዘፈችና ያንን ውሃ ከንጹሑ ስታርችና ከእርሾው ጋር ቀላቀለችው። አሁን ሰማያዊው አልነቃነቅ አለ። ክሩ ውስጥ እርሾውን የሚይዘው ነገር አለ ማለት ነው። በመዘፍዘፊያው ውሃ ላይ አሞኒያ ብታደርግበት ውሃው ደምቆ ወይን ጠጅ የነካው ሰማያዊ ሆነ፤ መዳብ ነው። በመጨረሻ ለቦይለር ውሃ ማለስለሻ የሚመጣውን ነጭ ዱቄት፣ ብረትና መዳብ እየለቀመ የሚያስረውን፣ በጥቂቱ ነሰነሰችበት። እርሾው ያን ጊዜ ነቃ፤ ሰማያዊው እየሳሳ ሄዶ ብርጭቆው ጠራ።

ለአፍታ ደስ አላት። የተማረችው ነገር መጽሐፉ እንዳለው ዓይኗ ፊት ሲሆን ማየቷ ነው ደስ ያሰኛት፤ ከዚያ ደስታው ወዴት እንደሚወስዳት ስታስብ ተቀመጠች።

ኢንዛይም በሁለት መንገድ ሥራ ያቆማል። አንደኛው ሙቀት ነው። ልክ ያለው ሙቀት ያፈጥነዋል፤ ከልክ ሲያልፍ ግን እንደ እንቁላል ይቀቀላል፣ የተቀቀለ እንቁላል ደግሞ ወደ ጥሬነቱ አይመለስም። ሁለተኛው መያዝ ነው። አንድ ባዕድ ነገር ይመጣና የሚሠራበት ቦታ ላይ ይጣበቅበታል፤ ኢንዛይሙ አልሞተም፣ እጁ ተይዟል፣ ሲለቁት ይሠራል። ለሳይንስ ሁለቱም እኩል ናቸው። ለጓድ አስናቀ ግን እኩል አይደሉም። የሙቀት ሞት ባለቤት የለውም፤ መያዝ ግን ያዥ ይፈልጋል። በፋብሪካው ውስጥ ድር ሙቅ የሚጠጣበት ክፍል ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ ኃላፊውም አንድ ነው።

ጋሽ አዘዘ የአንበሳሜ ሸማኔ ልጅ ናቸው። በልጅነታቸው አባታቸውን ገበያ ላይ ሸማኔነታቸውን ለማዋረድ «ቁጢት በጣሽ» ሲሏቸው እየሰሙ አደጉ፣ እሳቸውንም ብለዋቸዋል። አብዮቱ መጥቶ ሸማኔ ሰው ነው ሲል ጋሽ አዘዘ አመኑት፤ በሙሉ ልባቸው አመኑት። በጮቄ ፋብሪካ ውስጥ አብዮቱን ከልቡ የሚያምን ሰው ይፈለግ ቢባል አንደኛ ጋሽ አዘዘ፣ ሁለተኛ ጓድ አስናቀ ነበሩ፤ በአንደኛውና በሁለተኛው መካከልም ሰፊ ርቀት ነበር። የሺአረግን ግን አይወዷትም። በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ተነሥተው «ይቺ ምሁር በሯን እየዘጋች ሠራተኛውን ትንቃለች» ብለው አስጽፈውባታል። በሩን የምትዘጋው የጥጥ ብናኝ ሚዛኗን ስለሚያበላሽባት ነበር፤ ይህን ብትናገርም «ሰበብ» ብለው ዘለሉት። እሷም ጥርስ ውስጥ አስገብታቸዋለች።

ሙቅ ቤቱ ስትደርስ ጋሽ አዘዘ እጅጌያቸውን ሰብስበው በትልቁ ጋን ውስጥ የሚፈላውን ሙቅ እያዩ ነበር።

«ጋሽ አዘዘ፣ ሙቁ ውስጥ የጨመሩት ነገር አለ?» አለቻቸው።

ይጠቁራል ብላ የጠበቀችው ፊታቸው ፈካ። «ማን ነገረሽ? ምስጢር አድርጌ ይዤው ነበር እኮ።» ወደ ጥጉ ወሰዷትና ከማዳበሪያ ከረጢት ሥር የተቀመጠ ጣሳ ከፈቱ። ከማቅለሚያው ክፍል የመጣ ሰማያዊ ጨው ነው፤ እዚያ ቀለሙ በፀሐይ እንዳይለቅ ይጠቀሙበታል። «የሽመናው ማሽን ቀበቶ አልመጣም ተብሎ ድሩ ሐምሌን ሙሉ ተጠቅልሎ ቆመ። ይኼ ዝናብ፣ ይኼ የሐይቅ እርጥበት! ሻጋታው ጢም አወጣ። አባቴ ክረምት ሲገባ ድር አይዘረጋም ነበር። እኔ ግን ክረምት ነው ብዬ አልተኛሁም። ይኼ ጨው የነካው ገንዳ ሻጋታ እንደማይዘው አይቻለሁ፤ አመጣሁና ሙቁ ላይ ጨመርሁበት። ከዚያ ወዲህ አንድ ክር አልሻገተም! አንድ!»

«ማን ያውቃል ይህን?»

«ገና ማንም። ለኮከብ ሠራተኛ ምርጫ ዕለት እናገረዋለሁ።»

የሺአረግ በሩን ዞር ብላ አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጋሽ አዘዘ፣ ይኼ የመዳብ ጨው ነው። ሻጋታውን እንደሚይዘው ሁሉ እርሾውንም ይይዘዋል። ጨርቁ የተበላሸው በዚህ ነው። እባክዎ ለማንም አይንገሩ፤ ሁለተኛም አይጨምሩት።»

ጋሽ አዘዘ ረዘም አድርገው አዩዋት። የፈካው ፊታቸው ቀስ እያለ ተዘጋ። «ገባኝ» አሉ። «የሸማኔ ልጅ አንድ ነገር ፈጠረ ሲባል ምሁሯን አመማት።»

«እግዚአብሔርን! ለእርስዎ ብዬ ነው የምነግርዎ። አሻጥር እያሉ ነው እኮ።»

«አሻጥር የሠራ ይፍራ። እኔ ምን ሠራሁና? ለእኔ ብለሽማ ቢሆን በርሽን ትከፍቺ ነበር» አሉና ማማሰያውን አንሥተው ወደ ጋናቸው ተመለሱ።

ያን ቀን በሐይቁ ዳር በኩል ወደ ቤቷ ሄደች። የፍልሰታ ጾም ስለሆነ ዓሣ ሻጮቹ አልነበሩም፤ ታንኳዎቹ ደንገላቸው ዝናብ እንደጠጣ ዳር ላይ ተኝተዋል። ጋሽ አዘዘን አትወዳቸውም፤ ይህን በተመለከተ ራሷን አልዋሸችም። በተለይ «አመማት» ያሏት ነገር እስከ አጥንቷ ተሰምቷት ነበር፤ ለአንድ መቶ እርምጃ ያህል እውነቱን ተናግራ እጇን ብትታጠብ ምን እንደሚሆን አሰበች። የሚሆነው ግልጽ ነው። ይወስዷቸዋል፤ እሳቸውም ለምን እንደተወሰዱ ሳይገባቸው፣ ሻጋታ ማጥፋት እንዴት አሻጥር እንደሚሆን እየጠየቁ ይቀመጣሉ። ሰው አለመውደድ ሌላ፣ ሰውን ወደዚያ መስጠት ሌላ። እውነቱ ባሕር ዳር ውስጥ በዚያ ሳምንት ሊሠራ የሚችለው አንድ ሥራ ብቻ ነበር፣ እሷ ደግሞ ያንን ሥራ አልፈለገችውም። ውሸት ተችሏት አያውቅም፤ ከዘመዶቿ ጋር ስትጫወት እንኳ ፊቷ ያስታውቅባታል። ስለዚህ ውሸቱን ፊቷ ሳይሆን ብርጭቆው እንዲናገረው ወሰነች።

አስናቀ በበኩሉ ጉዳዩ በሠራተኛው ፊት እንዲታይ ፈልጎ ነበር። ከበርሜሉ በእጁ ቀድቶ ጠርሙስ ሞላ፣ ክዳኑን በፕላስተር ጠቀለለ፣ ፊርማውን አኖረበትና «ነገ በአዳራሹ ትከፍቺዋለሽ፤ እስከዚያ ማንም አይንካው» ብሎ ሰጣት። እሷም አልነካችውም። ጠርሙሱን ከነፕላስተሩ በፈላ ውሃ ውስጥ አቆመችው። ባሕር ዳር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ ሙቀቱ ሳይደርስ ቀድሞ ይፈላል፤ ስለዚህ ለጥንቃቄ ጨመር አድርጋ አቆየችው። ሙቀት ማኅተም አያግደውም። ጠርሙሱን ስታወጣው ፕላስተሩ ትንሽ ጠርዙ ላይ ከመኮማተሩ በቀር ያው ነበር፤ ውስጡ ያለው ግን ከዚያ ወዲያ ቡናማ ውሃ ብቻ ነበር። አውቃ የገደለችው የመጀመሪያ ነገር መሆኑን አሰበችና በራሷ ተናደደች፤ የተናደደችው ነገሩ ስላስለቀሳት ነው።

አዳራሹ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። አስናቀ ፕላስተሩን ራሱ ቀደደ። የሺአረግ ስታርቹ ላይ አዮዲን ጠብ አደረገች፣ ሰማያዊ ሆነ፤ ከጠርሙሱ ጨመረችበት፤ ሁሉም አፍጥጦ ጠበቀ። ሰማያዊው እዚያው ቀረ። ፊተኛው ረድፍ ላይ ያሉት ሴቶች አንገታቸውን አስግገው አዩ፤ ከኋላ «ምን ሆነ?» የሚል ተሰማ፤ «ምንም አልሆነ» የሚል መልስ ተላለፈ።

«ለሠራተኛው በሚገባ ቋንቋ አስረጂ» አለ አስናቀ።

የሺአረግ ተነሣች። ይህን ክፍል መናገር አልከበዳትም፤ እውነት ነበር። «ጣና ከፍ ብሎ ተቀምጧል» አለች። «ውሃው ወደ ታች መውረዱ አይቀርም፤ ጊዜ ይፈጅ እንጂ መንገዱ ቁልቁል ነው። ወደ ላይ ግን በራሱ አይወጣም፤ እንዲወጣ ጉልበት መክፈል አለብን። ጢስ ዓባይ ላይ ያለው ተርባይንም ቁልቁል በሚወርድ ውሃ ነው ለእኛ መብራት የሚሰጠን። ስታርችም እንዲሁ ነው፣ መፍረሱ አይቀርም፤ ብቻውን ብንተወው ግን የልጅ ልጆቻችን ናቸው የሚያዩት። እርሾው ስታርቹን አይገፋውም፣ የሌለውን ቁልቁለት አይፈጥርለትም፤ በሩን ይከፍትለታል እንጂ። አሁን በሩ አልተከፈተም።»

«ለምን?»

«እርሾው ሞቷል» አለች። ከዚህ ወዲያ ያለው ውሸት ነበር። «አሰብ ወደብ ላይ በርሜሉ ፀሐይ ላይ ከርሟል። ሙቀት ገድሎታል።»

አዳራሹ ተነፈሰ። የመተንፈሱን ድምፅ ሰማችው። አስናቀም ፊቱ ተፈታ፤ አሰብ ሩቅ ነው፣ ፀሐይ የድርጅት አባል አይደለችም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እርሾው የመጣው ከካፒታሊስት አገር ነው። ተነሥቶ ኢምፔሪያሊስቶች ለአብዮታዊቷ ኢትዮጵያ የሞተ ሸቀጥ እንደሚልኩ፣ ይህም የመጀመሪያቸው እንዳልሆነ ተናገረ። በርሜሉ እንዲደፋ፣ አዲስ እርሾ ከሌላ አገር እንዲታዘዝ፣ የተበላሸውም ካኪ ጥቁር ሰማያዊ ተነክሮ ለበዓሉ እንዲደርስ ተወሰነ። ጥቁር ሰማያዊ ቡራቡሬነትን ይደብቃል። የሺአረግ ልትቀመጥ ስትል ከመካከል አንድ እጅ ተነሣ።

ጋሽ አዘዘ ነበሩ። ካፖርታቸውን እስከ ላይ ቆልፈዋል።

«ጓዶች» አሉ፣ «እንግዲህ እርሾው የሞተው በፀሐይ መሆኑን በዓይናችን አየን። እኔ ደግሞ የምናገረው አለኝ። ይኼን ክረምት ድራችን እንዳይሻግት ሰማያዊውን ጨው ሙቁ ላይ የጨመርሁ እኔ ነኝ። አንድ ክር አልሻገተም። ጨውህ እርሾ ይጎዳል ያለኝ ሰው ነበር፤ ማን እንደሆነ አልናገርም፣ ሰው ማሳፈር አልወድም። ግን ዛሬ ምሁሯ እዚሁ ናት፤ እሷ ትመስክርልኝ። ጨዌ ጉዳት አለው?»

ይህን ሲሉ ወደ እሷ ዞረው አዩዋት። ተንኮል አልነበረበትም አስተያየታቸው፤ ይቅር ያሉ መስለው ነበር። አስናቀም አያት፣ አዳራሹም አያት። ብርጭቆው ጠረጴዛው ላይ እንደ ጠቆረ ቆሟል። አለው ብትል እርሾውን ምን እንደገደለው እንደገና ይጠየቃል፤ ከዚያ ጠርሙሱ ይጠየቃል፤ ከዚያ እሳቸው እዚሁ ቆመው በገዛ አፋቸው ጨመርሁ ብለዋል።

«የለውም» አለች።

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊገነጥለው ደረሰ። አስናቀ የጋሽ አዘዘን እጅ ይዞ ወደ ላይ አነሣው፤ የሠራተኛው መደብ የፈጠራ ችሎታ ማለት ይህ ነው አለ፣ ከዛሬ ጀምሮ ድር ሁሉ በዚህ ዘዴ ሙቅ እንዲጠጣ መመሪያ ሰጠ። ጋሽ አዘዘ አለቀሱ። የመስከረም ሁለት ዕለት የኮከብ ሠራተኛ ሜዳሊያ ደረታቸው ላይ ተደረገላቸው፤ ሰልፈኛውም ጥቁር ሰማያዊ ለብሶ አለፈ፣ ከመድረኩ ሲታይ ምንም አይልም ነበር።

አዲሱ እርሾ መስከረም ሲያልቅ ገባ። የሺአረግ እርሾው በሚዘጋጅበት ገንዳ እየተገኘች ከቦይለር ክፍል ያመጣችውን ነጭ ዱቄት በኪሷ ይዛ ትነሰንስበት ጀመር። መዳቡን እየለቀመ ያስረዋል፣ እርሾው ይለቀቃል፣ ሙቁ ይወርዳል፣ ካኪው ካኪ ሆኖ ይወጣል። የማቅለሚያው ሠራተኞች የአዲሱን እርሾ ጥራት አደነቁ፤ ጋሽ አዘዘም ሜዳሊያቸውን እያንቀጫቀጩ በላቦራቶሪው ደጃፍ ሲያልፉ «እንዴት አደርሽ» ማለት ጀመሩ። እሷ ግን ሒሳቡ ወዴት እንደሚሄድ ታውቅ ነበር። ጨው በየቀኑ ይገባል፣ ዱቄቱ በየቀኑ ያልቃል። አንድን ነገር ከተፈጥሮ ዝንባሌው ውጭ አቁሞ ማቆየት የማይቋረጥ ወጪ ይጠይቃል፤ ክፍያው የቆመ ዕለት ነገሩ ቁልቁሉን ይይዛል። ይህን ተምራዋለች፣ ፈተናውንም አልፋለች። ሌላ ዱቄት ለማስገዛት ምክንያት መጻፍ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱን ደግሞ መጻፍ አትችልም። አንድ ጊዜ ጋሽ አዘዘን በመንገድ፣ ወደ ሰባታሚት ወደ ቤታቸው ሲሄዱ አገኘቻቸውና «ጨዉን ትንሽ ቢቀንሱት» አለቻቸው። «መመሪያ ነው፣ ልጄ» አሏት፣ በደግነት።

ዱቄቱ ኅዳር ላይ አለቀ። ጨርቁ እንደገና ቡራቡሬ ሆነ።

በዚህ ጊዜ ከአዲስ አበባ መርማሪ ኬሚስት ተላከ። ወጣት ነበር፣ ሥራውን የሚያውቅ። እሷ የደረሰችበትን ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ ደረሰበት፤ በዳይሬክተሩ ቢሮ ተሰብስበው ሳለ «መዳብ ኢንዛይም እንደሚይዝ ማንኛውም ኬሚስት ያውቃል» አለ፣ ማንንም ለመጉዳት ሳይሆን እንደ ቀላል ነገር። ጨዉ ጥፋት ሊሆን አይችልም ነበር፤ መመሪያ ወጥቶለታል፣ አዳራሽ ሙሉ ሰው አጨብጭቦለታል፣ ሜዳሊያ ተሰጥቶበታል። ጥፋት ሊባል የሚችለው እያወቁ መደበቅ ብቻ ነበር፣ ማወቁም የሚጠየቀው ከላቦራቶሪው ኃላፊ ነው። አስናቀ ፊቱ ነጣ፤ መመሪያውን የሰጠው እሱ መሆኑ ትዝ ብሎታል። ከዚያ ሌላ ነገር ትዝ አለው።

ጋሽ አዘዘ ተጠርተው ገቡ። ሜዳሊያቸውን አድርገዋል።

«ጓድ አዘዘ» አለ አስናቀ፣ «ያኔ በአዳራሹ ጨውህ እርሾ ይጎዳል ያለኝ ሰው ነበር ብለዋል። ማን ነበር?»

ጋሽ አዘዘ ወደ የሺአረግ አዩ፣ ወደ መርማሪው አዩ፣ ጠረጴዛው ላይ ወደ ተዘረጋው ቡራቡሬ ካኪ አዩ። ከፊታቸው ላይ አንድ ነገር ቀስ ብሎ ሲገባቸው ይታይ ነበር። ዋሽተው የማያውቁ ሰው ናቸው፤ ለአብዮቱማ ጭራሽ።

«ምሁሯ ናት» አሉ፣ ድምፃቸው እየወረደ። «ሙቅ ቤት ድረስ መጥታ። እርሾውን ይይዘዋል፣ ለማንም እንዳትነግር፣ አለችኝ። እኔ... እኔ ምቀኝነት መስሎኝ ነው እኮ።»

አስናቀ ወደ እሷ ዞረ። «እንግዲያው ታውቂ ነበር። እያወቅሽ በሠራተኛው ፊት የለውም አልሽ።» ምንም ቁጣ አልነበረበትም ድምፁ፤ መልሱን ያገኘ ሰው ድምፅ ነበር። «ብለሻቸዋል፣ አላልሻቸውም?»

ጋሽ አዘዘ «አላልኋቸውም» በይ የሚሉ ይመስል በዓይናቸው ለመኗት። የሺአረግ አየቻቸው። ለምን እንዳለቻቸው ብትናገር ምክንያቷን እዚህ ክፍል ውስጥ የሚሰሟት ጋሽ አዘዘ ብቻ እንደሆኑ፣ እሳቸውም ሳትናገር አሁን እንደ ገባቸው አወቀች።

«እውነታቸውን ነው» አለች፤ «ብያቸዋለሁ።»